ውሃ ለማቃጠል ገንዘብ አትክፈሉ

(ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሰሜን እንግሊዝ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ ሂት ሎግ፣ ማለትም ከተጨመቀ ሰጋቱራ ስለሚሠራው ማገዶ፣ ያወራሁት ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ጻፍልን ስላላችሁኝ ከማስታወሻዬ ላይ ገለበጥኩት። የሳቃችሁበትንም የጮሃችሁብኝንም በተቻለኝ መጠን አልቆረጥኩም።)

እንደምን ዋላችሁ። መጀመሪያ ይቺን ባልዲ እዩልኝ። ውሃ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ይሄ በእጄ የያዝኩት ደግሞ ሂት ሎግ የሚሉት ነው። ክንድ የማይሞላ፣ መሃሉ ቀዳዳ፣ ውጪው እንደ ተጠበሰ ዳቦ የጠቆረ። እንጨት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል አይደል? እስቲ ልጣለው። ... አያችሁ፣ ሰመጠ። እዚያው ይቆይ፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

እኔ አናጢ ነኝ። አዲስ አበባ ስሠራ አናጢ፣ እዚህም አናጢ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ እንደ ሳይንቲስት አይደለም፣ ሰጋቱራ ሲተነፍስ እንደኖረ ሰው ነው። ሰጋቱራ የሚለውን ቃል እዚህ የተወለዱት ልጆች ላያውቁት ይችላሉ፣ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚወርደው ብናኝ ነው፣ ቃሉን ከጣሊያን ነው የወረስነው። ሂት ሎግ ማለት እንግዲህ ሰጋቱራ ነው። ደርቆ፣ በማሽን ተረግጦ፣ ተጠፍጥፎ። አለቀ።

እናቴ ማሽን አልነበራትም እንጂ ይሄንኑ ታደርግ ነበር። ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ታመጣለች፣ ከሥር በጎኑ በኩል ትበሳዋለች። መሃሉ ላይ ጠርሙስ ታቆማለች፣ በቀዳዳው በኩል ደግሞ ዱላ ታስገባለች። ከዚያ ሰጋቱራውን በጠርሙሱ ዙሪያ እየጨመረች በጡጫ ትጠቀጥቃለች። መጠቅጠቁ የእኔ ሥራ ነበር። ላላ ብሎ ከቀረ እሳቱ ሲደርስበት ይናዳል፣ ተንዶ ደግሞ ይታፈናል፣ ሽሮው ጥሬ ይቀራል፣ ያን ቀን እኔ ነኝ የምበላው፣ ግን ኩርኩም ነው የምበላው። ጠርሙሱና ዱላው ቀስ ተብለው ሲወጡ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ከሥር በወረቀት ይለኮሳል። ምሳ ተሠርቶበት፣ ቡና ተፈልቶበት፣ አሁንም ፍም ነው።

ያ ቀዳዳ እዚህ ሂት ሎግ ላይ ሳየው ሳቄ መጣ። እርግጥ ይሄኛው ከማሽኑ ነው የመጣው፣ ሰጋቱራውን የሚገፋው ብሎን መሃሉን ወግቶት ስለሚያልፍ ነው። ጥቅሙ ግን ያው ነው፣ አየር በመሃል ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ "የትኛው እንጨት ይሻላል? ኦክ ነው? በርች ነው?" እያለ ነው። በኪሎ ከለካችሁት እኮ እንጨት ሁሉ ሊባል በሚችል ደረጃ አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ውስጡ ያለው ውሃ ነው። ትኩስ የተቆረጠ ግንድ ከክብደቱ ግማሹ ያህል ውሃ ነው። ይሄን ምድጃ ውስጥ ስትከቱት እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ክፍሉን ማሞቅ ሳይሆን ያንን ውሃ ማፍላት ነው። ጎኑ ላይ አረፋ እየደፈቀ ሲንጨረጨር ሰምታችሁት የለ? ገንዘባችሁ ነው በጭስ ማውጫው የሚወጣው።

ቁጥር ካስፈለገ፣ ግማሹ ውሃ የሆነ እንጨት አንድ ኪሎው 2.3 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሙቀት ይሰጣል። በደንብ የደረቀ፣ ማለትም እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ ፍልጥ ወደ 4 ይጠጋል። እንዲህ የተጨመቀው ደግሞ እርጥበቱ 10 በመቶና ከዚያ በታች ስለሆነ ከ4.5 እስከ 5 ይደርሳል። ተአምር የለበትም። ፋብሪካው ውሃውን አስቀድሞ አውጥቶላችኋል፣ የምትከፍሉት ለዚያ ነው።

"ሙጫ የለበትም ወይ?" ያልከኝ ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ደህናው የለበትም። እንጨት በተፈጥሮው ሊግኒን የሚባል ነገር አለው፣ ዛፉን ግትር አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። ሰጋቱራው በከፍተኛ ጉልበት ሲጨመቅ ይግላል፣ ሲግል ሊግኒኑ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። በራሱ ሙጫ ተጣበቀ ማለት ነው። የጠቆረው ቅርፊት ከዚያ ግለት የመጣ ነው።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ ደግሞ። አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ ሉዊስተን የምትባል ከተማ አለች፣ እዚያ የነበረ ትልቅ የእንጨት መሰንጠቂያ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሰጋቱራው ተራራ ቢያስቸግረው ፕሬስ ቱ ሎግ የተባለውን ጥፍጥፍ መሥራት ጀመረ። ሌላው ታሪክ የካሊፎርኒያ ነው፣ ስቶክተን ውስጥ። የእርሳስ እንጨት የሚያዘጋጅ ኩባንያ ከእርሳሱ የተረፈውን የሴዳር ሰጋቱራ ከሰም ጋር ለውሶ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዱራፍሌም የሚባለውን አወጣ። ከአሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ በሱፐርማርኬት በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው እሱ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። በገበያ ላይ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ሎግ በሚል ስም ይሸጣሉ። አንደኛው ሰም ያለው ነው። እሱ እንደ ትልቅ ሻማ ነው፣ ከነወረቀቱ ትለኩሱታላችሁ፣ ሦስት አራት ሰዓት ይነዳል፣ ያምራል፣ ሙቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም። የተሠራው ለክፍት የግድግዳ ምድጃ ነው። አንድ ብቻውን ይነዳል፣ ሁለት አይደራረብም፣ እየነደደ አይነካካም፣ አይሰበርም፣ ሰሙ ከፈሰሰ እሳቱ ቱግ ይላል። መጠቅለያው ላይ ካልተፈቀደ በቀር በር ባለው የብረት ምድጃ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው ሰም የሌለው፣ ዛሬ የያዝኩት ነው። ይሄ ለብረት ምድጃ ነው፣ ቤት የሚያሞቀውም ይሄ ነው።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ነገሩ የሆነው መጀመሪያ በገዛሁበት ክረምት ነው። ሻጩ ምንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሁሌ ፍልጥ እንደማደርገው ምድጃውን ጢም አድርጌ ሞላሁት፣ አራት ሎግ ጎን ለጎን። ለካስ ይሄ ነገር ሲነድ ያብጣል። ውስጡ የታመቀው እየተፈታ፣ እንደ ኮሶ ትል እየተሳበ ይረዝማል። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ አንደኛው የበሩን መስታወት ተደግፎ ፍም ሆኗል። በሩን ብከፍት ምንጣፉ ላይ ሊወድቅ ነው፣ ባልከፍት መስታወቱ ሊሰነጠቅ ነው። የአየር መግቢያውን ዘግቼ ቁጭ ብዬ ጸለይኩ። መስታወቱ ተሰነጠቀ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች።

ስለዚህ ሁለት ይበቃል፣ ትንሽ ምድጃ ከሆነ አንድ ተኩል። ከመስታወቱ አርቃችሁ፣ በመሃላቸው ክፍተት ትታችሁ። ለመለኮስ በጭራሮ ጀምሩ፣ እሳቱ ሲይዝ ሎጉን ጨምሩ። አየሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ "ሌሊቱን ይጨስልኝ" ማለት ደግሞ የለም። እየታፈነ የሚጨስ እሳት ጭስ ማውጫውን በቅጥራን ይለብጠዋል፣ ቅጥራኑ አንድ ቀን ራሱ ይያያዛል፣ የዚያን ቀን የምትደውሉት ለእሳት አደጋ ነው። ጭስ ማውጫውን በዓመት ቢያንስ አንዴ አስጠርጉ።

ክፍት የግድግዳ ምድጃ ያላችሁ ሰዎች አትቀየሙኝ። አሮጌ ቤት ስለሆነ ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ከሙቀቱ አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው አንድ አራተኛ ቢሆን ነው። የሞቀ የቤት አየርም አብሮ ይሳባል። ጥሩ የብረት ምድጃ ከሦስት አራተኛ በላይ ያስቀራል። ያው ሎግ፣ ያው ገንዘብ።

ዋጋውን በተመለከተ እዚያ ጋ የተቀመጡት ጋሼ "ከጋዝ ይረክሳል ወይ?" አሉኝ። በሐቀኝነት ልመልስልዎት፣ ጋሼ። 10 ኪሎ በ6 ፓውንድ ገዙ እንበል። 10 ኪሎው ወደ 48 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ምድጃው ሩብ ያህሉን ይበላል፣ 36 ይቀርዎታል። 6 ፓውንድን ለ36 ሲያካፍሉት 16 ወይም 17 ፔኒ ይመጣል። አሁን የጋዝ ቢልዎን አውጥተው የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይዩ። ብዙ ጊዜ ጋዙ ረክሶ ያገኙታል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተወድዶ። እንግዲህ ጋዝ ያለው ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ወደዚህ ባይመጣ ነው የምመክረው። በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ፣ ወይም ማታ ማታ የሚቀመጥበትን አንዱን ክፍል ብቻ ማሞቅ የሚፈልግ፣ እሱ ያስብበት። ከፍልጥ ጋር ስታወዳድሩ ግን በከረጢት አታወዳድሩ፣ በኪሎና በድርቀት አወዳድሩ። በርካሽ የተሸጠልኝ እርጥብ ፍልጥ በሕይወቴ ውድ የሆነብኝ ማገዶ እሱ ነው።

ሕጉን በአጭሩ። እዚህ አገር በጭስ ላይ ቀልድ የለም፣ ምክንያትም አላቸው። በ1952 ዲሴምበር ላይ ለንደን አምስት ቀን በከሰል ጭስና በጉም ታፍና በሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ከዚያ በኋላ ነው በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ የወጣው፣ ጭስ የተከለከለባቸው ክልሎች የመጡትም በሱ ነው። አብዛኞቻችን የምንኖርበት ከተማ እንዲህ ያለ ክልል ውስጥ ነው። በዚያ ክልል እንጨት ለማንደድ ምድጃው የተፈቀደ ዓይነት መሆን አለበት፣ ሂት ሎግም ለዚህ ጉዳይ እንጨት ነው። ጭስ ማውጫችሁ ሲጨስ ከተገኘ ቅጣቱ እስከ 300 ፓውንድ ይደርሳል። የቤታችሁን አድራሻ በካውንስሉ፣ ማለትም በአካባቢያችሁ አስተዳደር፣ ድረ ገጽ ላይ አይታችሁ አረጋግጡ። ከሜይ 2021 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በትንሽ በትንሹ የሚሸጥ ፍልጥ እርጥበቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፣ "ሬዲ ቱ በርን"፣ ማለትም ለመንደድ የተዘጋጀ፣ የሚል ምልክት ፈልጉ። እኔ ግን ምልክቱን ብቻ አላምንም፣ የእርጥበት መለኪያ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለችኝ። ፍልጡን በመጥረቢያ ትሰነጥቁታላችሁ፣ አዲስ በተከፈተው ውስጠኛ ፊት ላይ ሁለቱን መርፌዎች ትወጋላችሁ። ከውጪ ከለካችሁት ይዋሻችኋል።

ደረቅ ሎግ ጭሱ ያንሳል፣ ጭስ የለውም ግን አይደለም። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ልጅ ካለ ይቅርባችሁ። እዚህ ላይ ምንም ላባብላችሁ አልፈልግም።

እስቲ ስለ ቡና ላውራችሁ፣ ቡና ሳይነሳ ሐበሻ ተሰብስቦ አይበተንም። ባዮ ቢን የሚባል ኩባንያ በ2013 ለንደን ውስጥ ተቋቁሞ ከየካፌው የቡና አተላ እየሰበሰበ፣ አድርቆ፣ ከሰጋቱራ ጋር ቀላቅሎ ሎግ ሠርቶ ይሸጥ ነበር። አንዱ ሎግ ከ25 ስኒ ቡና የሚወጣ አተላ አለበት ይሉ ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አራተኛው ማገዶ! ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፣ ቡና ቡና ይሸታል ብዬ ስጠብቅ ምንም አልሸተተኝም፣ ተናደድኩ። ሙቀቱ ግን ደህና ነው፣ ምክንያቱም አተላው ውስጥ ቅባት ይቀራል። ችግሩ አተላ እርጥብ መሆኑ ነው፣ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፣ ለማድረቅ ራሱ ሌላ ማገዶ ይፈልጋል። ያው ዞረን ዞረን ውሃው ጋ መጣን።

ከእንጨት ሌላ በየአገሩ የማይጨመቅ ነገር የለም። ዩክሬን የሱፍ ቅርፊት፣ በሜዲትራኒያን አገሮች ዘይቱ የወጣለት የወይራ ፍሬ ጥፍጥፍ። የሩዝ ቅርፊትም ይጨመቃል፣ ግን አምስት ኪሎ አቃጥላችሁ አንድ ኪሎ ያህል አመድ ታፍሳላችሁ። ከንጹሕ እንጨት መቶ ኪሎ የሚወጣው አመድ አንድ ኪሎ አይሞላም። ጭድ ደግሞ አመዱ በእሳቱ ይቀልጥና እንደ መስታወት ድንጋይ ሆኖ ምድጃው ላይ ይጋገራል። ከረጢቱ ላይ ከምን እንደተሠራ አንብቡ የምላችሁ ለዚህ ነው።

"እኛ አገር ለምን አይሠራም? ስንት ተረፈ ምርት አለን" አለችኝ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ። ይሠራል፣ የቡና ገለፈት የሚጨምቁ አሉ፣ ከሰሉንም አድቅቀው መልሰው የሚጠፈጥፉ አሉ። ግን "ተረፈ" የሚለው ቃል እዚህና እዚያ አንድ አይደለም። የጤፍ ጭድ ተረፈ ምርት ነው? ላሟን ጠይቂያት። ላሟ ካልበላችው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ይሆናል። ኩበትም እኮ ገለባና ሣር ነው፣ ላሟ ፈጭታው፣ ሴቶቹ ጠፍጥፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈው ያደረቁት፣ ከሉዊስተን በፊት የነበረ ሎግ። ኩበቱ ሲነድ ደግሞ እርሻው ማዳበሪያውን ያጣል። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስታውሱ፣ ከኋላ ስታዩአቸው እግር ያወጣ ቁጥቋጦ ነው የሚሄደው። ያ ቅጠል ለደን ጠባቂው ቆሻሻ ነበር፣ ለነሱ የልጆች እንጀራ። ለዚህ ነው በየቡና መፈልፈያው ደጅ ተከምሮ የሚበሰብሰው ገለፈት የሚሻለው የሚመስለኝ፣ ማንም አይበላውም። እሺ፣ ሐረር አካባቢ አፍልቶ የሚጠጣው አለ፣ አትጩሁብኝ፣ ግን ያን ሁሉ ክምር ጠጥቶ የሚጨርስ ሐረሬ የለም።

አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም። ልጅ ሆኜ አንድ ሐምሌ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ከሰሉን በማንደጃ ክፍሌ አስገብቼ በሩን ዘግቼ ተኛሁ። እናቴ ደርሳ ነው ጎትታ ያወጣችኝ፣ ዝናብ ላይ አስተኝታ ሎሚ እያሸተተችኝ። ራሴ ለሁለት ቀን ሲፈልጠኝ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተዳፈነ ፍም ይበልጥ ያወጣዋል። እዚህ አፓርታማ ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ በከሰል ቡና የምታፈሉ አላችሁ፣ ስም አልጠራም፣ እርስ በርስም አትተያዩ። የሚነድ ነገር ያለበት ክፍል ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑረው። ጭስ ማንቂያው ሌላ ነው፣ እሱ ይሄን አይሰማም። ፈረንጅ ጎረቤቴ "ዕጣን ስታጨሱ ይጮህባችኋል እኮ" አለኝ። የሚጮኸው የጭሱ ነው፣ ሁለቱንም ስቀሉ።

የመጨረሻ ጥያቄ የመጣው ከኋላ ነው። "ልጄ፣ ቡና ይቆላበታል ወይ?" አሉ አንዲት እናት። እማማ፣ ሰም ባለው ላይ ምንም እንዳይሠሩበት፣ ምግብም ቡናም። ይሄ ሰም የሌለው ግን ምድጃው ላዩ ጠፍጣፋ ከሆነ ጀበናውን ከላይ ማስቀመጥ ነው። እኔ ቤት የሚፈላው እንደዚያ ነው። ይዘገያል፣ ግን እንግዳው ስለ ተሰነጠቀው መስታወት እስኪሰማ ይደርሳል።

በሉ ባልዲውን እንየው። እጄን ልክተት... አያችሁ? ሎጉ የለም። ገንፎ ሆኗል፣ ሞልቶ ሊፈስ ደርሷል። ያ ሁሉ ግፊት የሰጠው ጥንካሬ በአንድ ሰዓት ውሃ ሄደ። እኔም አምና ሃያ ከረጢት ጓሮ ውስጥ በሸራ ሸፍኜ አስቀምጬ፣ ሸራው ተቀዶ፣ ጥር ላይ በአካፋ ነው የዛቅኩት። ቤት ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከምድጃው ግን አርቃችሁ አስቀምጡ።

አዳራሹን የምናስረክብበት ሰዓት ደርሷል፣ የአዳራሹ ጠባቂ ባልዲውን እያየ ነው። ሽንት ቤት ውስጥ እንዳትደፉት ብሏል። እማማ "ለጎመኔ መደብ ይሆናል ወይ?" አሉኝ፣ ይሆናል፣ ቀለምም ሙጫም የሌለበት ሰጋቱራ ነው፣ ላዩ ላይ ስስ አድርገው ይበትኑት። ፌስታል ያለው ሰው ይስጣቸው።